የአማካሪው ፈተና፦ ከሃርቫርድ ክፍል እስከ ሸሪኮቹ ጠረጴዛ

በሥራ አመራር አማካሪነት ስማቸው ከገነነው ድርጅቶች በአንዱ ለመቀጠር የሚሻ ወጣት፣ የመጀመሪያውን ዙር ፈተና ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቀን ከድርጅቱ ሸሪኮች በአንዱ ፊት ይቀመጣል። በመካከላቸው ያለው ነገር ጥቂት ነው፤ ባዶ ወረቀት፣ እርሳስና ምናልባትም አንድ ብርጭቆ ውሃ። ሸሪኩ ከሰላምታና ከጥቂት ጨዋታ በኋላ፣ «አንድ የለስላሳ መጠጥ አምራች ሽያጩ ሲያድግ ትርፉ ግን ቀነሰ። ሥራ አስኪያጁ ምክንያቱን ማወቅ ይፈልጋሉ። ከየት እንጀምር?» ብሎ ዝም ይላል። ከዚህ በኋላ የሚያልፈው ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ነው። የሒሳብ መኪና አይፈቀድም፤ መጽሐፍ አይገለጥም፤ ትክክለኛው መልስ ይህ ነው ተብሎ በፖስታ የታሸገ ነገርም የለም። ወጣቱ የሚመዘነው በሚሰጠው መልስ ብቻ ሳይሆን ወደ መልሱ በሚሄድበት መንገድ ጭምር ነው።

ይህ ዐይነቱ ፈተና የጉዳይ ቃለ መጠይቅ ይባላል፤ ተማሪዎች በአጭሩ ኬዝ ይሉታል። ነገሩን በሩቅ ለሚሰማ ሰው የእንቆቅልሽ ጨዋታ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ከጀርባው ከመቶ ዓመት የሚበልጥ የትምህርትና የሙያ ታሪክ አለ። ያንን ታሪክ ያላወቀ ተፈታኝ የፈተናውን ቅርጽ ሊሸመድድ ይችል ይሆናል እንጂ ከእርሱ የሚፈለገው ምን እንደ ሆነ በቀላሉ አይረዳም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ ሥር የሚገኘው በንግድ ሳይሆን በሕግ ትምህርት ውስጥ ነው። በ1870 ክሪስቶፈር ኮለምበስ ላንግዴል የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ሆነው ተሾሙ። በዚያን ዘመን የሕግ መምህር ሥራው ከመጽሐፍ ማንበብና ማብራራት፣ የተማሪውም ሥራ የሰማውን መጻፍ ነበር። ላንግዴል ይህን ልማድ ሻሩ። በ1871 በውል ሕግ ላይ የተሰጡ ፍርዶችን ሰብስበው አሳተሙና ተማሪዎቻቸው ፍርዶቹን ራሳቸው አንብበው እንዲመጡ አዘዙ። በክፍል ውስጥ አንዱን ተማሪ በስሙ ጠርተው የክርክሩን ፍሬ ነገር እንዲያስረዳ ይጠይቁታል፤ መልስ ሲሰጥ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ያንንም ሲመልስ ሦስተኛው ይመጣል። ብዙዎቹ ተማሪዎች በመጀመሪያ ጊዜ ዘዴውን ጠልተው ከክፍሉ ሸሹ። የጥንቱን የበልሃ ልበልሃ ሙግት የሚያውቅ አንባቢ ግን አንድ ሰው በጥያቄ ብቻ ተይዞ የራሱን ሐሳብ እስከ ጥጉ እንዲገፋ ሲገደድ ምን እንደሚመስል ለመገመት አይቸገርም።

የሃርቫርድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1908 ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን ኤድዊን ጌይ የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቅ ነበሩ። የሕግ ትምህርት ቤቱን አርአያ በመከተል የንግድ ትምህርትም በእውነተኛ ችግሮች ላይ በመወያየት እንዲሰጥ ይመኙ ነበር። ነገር ግን ዕንቅፋት ገጠማቸው። የሕግ ሰው የታተመ የፍርድ መዝገብ አለው፤ የንግድ ሰው ግን ውሳኔውን የሚመዘግብለት ፍርድ ቤት የለውም። አንድ ፋብሪካ ዋጋውን ስለ ምን እንደ ቀነሰ፣ አንድ ባንክ ብድር ስለ ምን እንደ ከለከለ የሚያስረዳ ሰነድ ከየት ይመጣል? ይህን ጥያቄ በተግባር የመለሱት በ1919 የተሾሙት ዲን ዋላስ ዶናም ናቸው። ዶናም በሃርቫርድ ሕግ የተማሩ፣ በባንክ ሥራም የቆዩ ሰው ስለ ነበሩ ሁለቱንም ዓለም ያውቁ ነበር። በእርሳቸው ግፊት ፕሮፌሰር ሜልቪን ኮፕላንድ በ1920 የገበያ ሥራ ችግሮችን የያዘ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ቀጥሎም ወደየኩባንያው እየሄዱ ችግሮችን ከምንጫቸው የሚጽፉ ሰዎች ተሰማሩ።

በዚህ መልክ የሠለጠነ ተማሪ ማታ ማታ ብዙ ገጽ ያነባል። ጠዋት መምህሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ከመካከላቸው አንዱን ይጠሩና «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ይሉታል። ጥያቄው ምን ታውቃለህ የሚል አይደለም። ባልተሟላ መረጃ መወሰን፣ የወሰኑትንም በሰው ፊት መከላከል የተማሪው የዕለት ተዕለት ልምምድ ሆነ።

በዚሁ ጊዜ ሌላ ሙያ በጎን እያደገ ነበር። አርተር ሊትል በቦስተን በ1886፣ ኤድዊን ቡዝ በቺካጎ በ1914 የምክር ሥራ ጀምረዋል። በ1926 ደግሞ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ መምህር የነበሩት ጄምስ ማኪንዚ የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። ማኪንዚ አንድን ኩባንያ ከላይ እስከ ታች የሚመረምሩበት የጥያቄ ዝርዝር ነበራቸው፤ ባልደረቦቻቸውም በዚሁ ዝርዝር እንዲሠሩ ያደርጉ ነበር። በኋላ ዘመን ተፈታኞች የሚያጠኑት የትንታኔ ቅርጽ የዚያ ዝርዝር የልጅ ልጅ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። መሥራቹ በ1937 በሳንባ ምች ሞቱ።

ድርጅቱን ዓለም በሚያውቀው መልክ የቀረጹት ማርቪን ባወር ናቸው። ባወር ከሃርቫርድ በሕግ በ1928፣ በንግድ ሥራ በ1930 ተመርቀው በክሊቭላንድ ከተማ በሕግ ቢሮ ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ በ1933 ወደ ማኪንዚ መጡ። ምክር ሸቀጥ ሳይሆን ሙያ ነው ብለው ያምኑ ነበር። አማካሪ እንደ ጠበቃና እንደ ሐኪም የደንበኛውን ጥቅም ከራሱ ጥቅም ማስቀደም፣ ደንበኛው ባይወደውም እውነቱን መናገር አለበት ይሉ ነበር። በአለባበስም ጥብቅ ነበሩ፤ የባልደረቦቻቸውን ባርኔጣ እስከ መቆጣጠር ደርሰዋል። ድርጅቱን ከ1950 እስከ 1967 መሩ። በ1963፣ 60 ዓመት ሲሞላቸው፣ ድርሻቸውን ለድርጅቱ በመዝገብ ዋጋ መልሰው ሸጡ፤ በገበያ ዋጋ ሸጠውት ቢሆን ኖሮ እጅግ ባለጸጋ በሆኑ ነበር።

ለዚህ ታሪክ የሚበልጠው ግን ሌላው ውሳኔያቸው ነው። ከዚያ በፊት በአማካሪነት የሚቀጠረው አብዛኛውን ጊዜ በኢንዱስትሪ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራ ጎልማሳ ነበር። ከ1953 ገደማ ጀምሮ ባወር ፊታቸውን ከንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገና ወደሚወጡት ወጣቶች መለሱ። የ40 ዓመት ሰው ሲቀጠር «ምን ሠርተሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። የ25 ዓመት ወጣት ግን የሠራው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ «እንዴት ታስባለህ?» ተብሎ መጠየቅ ነበረበት። የጉዳይ ፈተና በአንድ ቀን አዋጅ የወጣ ነገር ባይሆንም ከዚህ ክፍተት ውስጥ እንደ በቀለ መገመት ይቻላል። ጠያቂዎቹም ተጠያቂዎቹም ከአንድ የትምህርት ዘዴ የወጡ ስለ ነበሩ መሣሪያውን ከሩቅ መፈለግ አላስፈለጋቸውም።

በ1963 ብሩስ ሄንደርሰን በአንድ የቦስተን ባንክ ሥር የቦስተን አማካሪ ቡድንን መሠረቱ። ሄንደርሰን በወጣትነታቸው መጽሐፍ ቅዱስ እየዞሩ የሸጡ፣ መሐንዲስነት ያጠኑ፣ የሃርቫርድን የንግድ ሥራ ትምህርት ሊፈጽሙ 90 ቀን ሲቀራቸው ትተው የወጡ ሰው ናቸው። የእርሳቸው ቡድን የምክርን ሥራ ከቢሮ አደረጃጀት ወደ ውድድር ስልት አዞረው። በ1966 አንድ ዕቃ በብዛት በተመረተ ቁጥር የአንዱ ወጪ እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሳየውን የልምድ መሥመር፣ በ1970 ደግሞ የገበያውን ዕድገትና የኩባንያውን ድርሻ በአራት ክፍል የሚያሳየውን ታዋቂ ሠንጠረዥ አወጡ። በ1973 ቢል ቤን ከሄንደርሰን ዘንድ ከጥቂት ባልደረቦች ጋር ወጥተው የራሳቸውን ድርጅት ከፈቱ። ቤን የተማሩት ታሪክ ነበር፤ ወደ ምክር ሥራ ከመግባታቸው በፊት ለቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። የሃርቫርድን ምሩቃን ለማግኘት የሚሻሙ ሁለት ድርጅቶች፣ አንዱ ትምህርቱን ባልጨረሰ፣ ሌላው የንግድ ትምህርት ባልተማረ ሰው መመሥረታቸው ታሪክ አልፎ አልፎ የምትቀልደው ዐይነት ቀልድ ነው።

ስማቸው ሳይነሣ የማይታለፈው ሌላዋ ሰው ባርባራ ሚንቶ ናቸው። በ1963 ከሃርቫርድ ሲወጡ ማኪንዚ በክሊቭላንድ ቀጠራቸው፤ በንግድ ሥራ የማስትሬት ዲግሪ ይዘው በዚያ ድርጅት በአማካሪነት ከተቀጠሩት ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበሩ። በ1966 ወደ ለንደን ተዛውረው የባልደረቦቻቸውን ሪፖርት ሲያቃኑ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ የጽሑፉ ድክመት ከቋንቋ ሳይሆን ከሐሳብ አደራደር የመጣ ነበር። ስለዚህ መልሱ ከላይ ይቀመጥ፤ ምክንያቶቹ ከሥሩ ይደርደሩ፤ ክፍሎቹም እርስ በርስ አይደራረቡ፣ ሲደመሩም የሚያስቀሩት ነገር አይኑር የሚል ሥርዓት አወጡ። ሥርዓቱ የተሰጠው ለጸሐፊ ነበር፤ ውሎ አድሮ የተናጋሪ፣ በተለይም የተፈታኝ ሕግ ሆነ።

የግምት ጥያቄ የሚባለው የፈተናው ክፍል ግን ከፊዚክስ ሊቃውንት ዘንድ የመጣ ልማድ ነው። ኤንሪኮ ፈርሚ ሐምሌ 16 ቀን 1945 የመጀመሪያው የአቶም ቦምብ በኒው ሜክሲኮ በረሃ ሲሞከር፣ የፍንዳታው ነፋስ ሲደርስ ቁርጥራጭ ወረቀት ከእጃቸው ለቀው የወደቀበትን ርቀት በመለካት ኃይሉን 10,000 ቶን ፈንጂ ያህላል ብለው ገመቱ። ትክክለኛው ልክ ከዚህ ቢበልጥም፣ በቁራጭ ወረቀት ለተለካ ነገር ግምቱ ያስደንቃል። በቺካጎ ከተማ ስንት የፒያኖ አስተካካይ አለ የሚለው ጥያቄም በእርሳቸው ስም ይነገራል። ሕዝቡ 3 ሚሊዮን፣ ቤተሰቡ 1 ሚሊዮን፣ ፒያኖ ያለው ከ20 ቤተሰብ አንዱ ቢሆን 50,000 ፒያኖ ይኖራል። እያንዳንዱ በዓመት አንድ ጊዜ ቢስተካከልና አንድ ባለሙያ በቀን 4፣ በ250 የሥራ ቀን 1,000 ፒያኖ ቢያስተካክል፣ ከተማዋ የሚያስፈልጋት 50 ባለሙያ ያህል ነው። ጠያቂው የሚፈልገው 50 የሚለውን ቁጥር ሳይሆን ከ3 ሚሊዮን ወደ 50 የተወረደበትን ደረጃ ነው።

በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ጉዳይና በቃለ መጠይቅ የሚሰጠው ጉዳይ አንድ ቤተሰብ ቢሆኑም አንድ ነገር ይለያቸዋል። ተማሪው መረጃው ሁሉ ተጽፎለት ያነባል፤ ተፈታኙ ግን መረጃውን በጥያቄ ማውጣት አለበት። በአንዳንዶቹ ድርጅቶች ጠያቂው ራሱ መሪ ሆኖ ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው ይወስደዋል፤ በሌሎቹ ዘንድ ግን መንገዱን የሚቀድደው ተፈታኙ ነው። የትርፍን መቀነስ ወደ ገቢና ወጪ፣ ገቢን ወደ ዋጋና ብዛት መክፈል ማንም የሚማረው ነው። ማይክል ፖርተር በ1979 ካወጡት ጽሑፍ ወዲህም አምስቱን የውድድር ኃይሎች በቃሉ የማይወርድ ተማሪ አይገኝም። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በ1990ዎቹ ዝግጅት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። የታላላቅ የንግድ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ማኅበራት ያለፉ ጥያቄዎችን እየሰበሰቡ በጥራዝ ማዘጋጀት ጀመሩ። በ1999 በሃርቫርድ የሥራ ምክር ክፍል ያገለገሉት ማርክ ኮሴንቲኖ ኬዝ ኢን ፖይንት የተባለውን መጽሐፍ አወጡ፤ በ2012 ደግሞ የማኪንዚ ባልደረባ የነበሩት ቪክተር ቼንግ የራሳቸውን አሳተሙ። ከዚያ በኋላ በሰዓት የሚከፈላቸው አሠልጣኞች፣ ሁለት ተማሪዎች አንዱ ጠያቂ አንዱ ተጠያቂ ሆነው የሚለማመዱባቸው መድረኮች ተበራከቱ። የዚህ ውጤት ሁለት መልክ ነበረው። በአንድ በኩል ቀድሞ ከትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች አጥር ያልወጣ ምስጢር ለብዙዎች ተገለጠ። በሌላ በኩል ሁሉም የተዘጋጀ ሲሆን የዝግጅት ልክ ከፍ አለ፤ ትናንት ያስመሰግን የነበረው መልስ ዛሬ የሚያሰለች ሆነ። የድርጅቶቹ ጠያቂዎች የተሸመደደ ቅርጽ በማንኛውም ችግር ላይ እንደ ሰፊ ካፖርት የሚደርብ ተፈታኝ በዛብን ብለው ማማረር የጀመሩት ከዚህ ወዲህ ነው።

የመጨረሻው ዙር ልዩነት የሚታየውም እዚህ ነው። በመጀመሪያው ዙር ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ የጥቂት ዓመት አገልግሎት ያላቸው አማካሪዎች ናቸው፤ ጉዳዩም አስቀድሞ የተዘጋጀ፣ ቁጥሩ የተስተካከለ ነው። በመጨረሻው ዙር ጠያቂዎቹ ሸሪኮች ናቸው። ሸሪክ ብዙ ጊዜ የተዘጋጀውን ወረቀት ትቶ በዚያው ሳምንት ሲያስጨንቀው የሰነበተውን የደንበኛ ችግር፣ ስሙን ደብቆ፣ ያነሣል። የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ይህን ሰው ነገ ደንበኛዬ ፊት ባቀርበው አፍርበታለሁ ወይስ እኮራበታለሁ?

ከላይ ወደ ተጠቀሰው የለስላሳ መጠጥ ጉዳይ እንመለስ። ተፈታኙ እየጠየቀ የሚከተለውን አወጣ እንበል። ኩባንያው አምና 10 ሚሊዮን ሣጥን በ6 ዶላር ሸጦ 60 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ለእያንዳንዱ ሣጥን 4 ዶላር፣ በጠቅላላው 40 ሚሊዮን አወጣ፤ ሽያጭ ቢያድግም ቢያንስም የማይለወጠው ወጪ 12 ሚሊዮን ነው፤ ትርፉ 8 ሚሊዮን ሆነ። ዘንድሮ 11 ሚሊዮን ሣጥን ሸጠ፤ አማካይ ዋጋው ግን 5.70 ዶላር ነው። ገቢው ወደ 62.7 ሚሊዮን ከፍ ቢልም፣ 44 ሚሊዮንና 12 ሚሊዮን ሲቀነስለት የተረፈው 6.7 ሚሊዮን ብቻ ነው። በደንብ የተለማመደ ተፈታኝ እዚህ ድረስ ያለ ስሕተት ይደርሳል። የተጨመረው አንድ ሚሊዮን ሣጥን በአሮጌው ዋጋ ቢሸጥ 2 ሚሊዮን ትርፍ ያመጣ እንደ ነበር፣ ከየሣጥኑ የተነሣው 30 ሳንቲም ግን 3.3 ሚሊዮን እንደ ወሰደ ያስረዳል። በመጀመሪያው ዙር ይህ ይበቃዋል።

ሸሪኩ ግን እርሳሱን አስቀምጦ፣ «ቅናሹን ያዘዙት ራሳቸው ሥራ አስኪያጁ ናቸው። በሽያጩ ማደግ ለቦርዱ ሲኩራሩ ሰንብተዋል። ነገ ጠዋት ቢሮአቸው ስትገባ ምን ትላቸዋለህ?» ይለዋል። አንዱ ተፈታኝ ደንግጦ ነገሩን ያድበሰብሳል፤ ሌላው ሥራ አስኪያጁ ተሳስተዋል ብሎ ይደመድማል። ጎበዙ ግን ቁጥሩን በሰውየው ዐይን አይቶ ይናገራል። በዘንድሮው ዋጋ ከአንድ ሣጥን የሚተርፈው 1.70 ዶላር ስለ ሆነ፣ የአምናውን ትርፍ ለማግኘት ብቻ ወደ 11.8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሣጥን መሸጥ ያስፈልጋል፤ ይኸውም በቆመበት ለመቆም 18 በመቶ ያህል ማደግ ማለት ነው። እንዲህ ዐይነቱ አነጋገር ማንንም ሳይወቅስ ወደ ውሳኔ ያደርሳል። ከዚያም ቅናሹ ለሁሉም ገዢ ወይስ ለትልልቆቹ መደብሮች ብቻ እንደ ተሰጠ ይጠይቃል፤ መፍትሔው በዚህ መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነውና። ባወር ደንበኛው ባይወደውም እውነቱን መናገር ያሉት ነገር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲፈተን መልኩ ይህ ነው።

ስለዚህ ለመጨረሻው ዙር የሚደረገው ዝግጅት ከመጀመሪያው የተለየ መሆን ይገባዋል። ከሠላሳኛው ጉዳይ በኋላ አርባኛውን መለማመድ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያው ዙር የተነገረውን አስተያየት በጥንቃቄ መመርመር ነው፤ በመጀመሪያው ዙር የታየ ድክመት ለሁለተኛው ዙር ጠያቂዎች የሚተላለፍበትና ሆን ተብሎ የሚነካበት ጊዜ ብዙ ነውና። ስሌትን ድምፅ አውጥቶ መሥራት፣ በሥራ ላይ ካለ ወይም ከነበረ ሰው ጋር መለማመድ፣ አንድ የጋዜጣ የንግድ ዜና አንሥቶ «የዚህ ኩባንያ ኀላፊ ብሆን?» እያሉ ማውጣት ማውረድ የታወቁ መንገዶች ናቸው። ስለ ራስ ሕይወት የሚቀርበው ጥያቄም አይናቅም፤ ከአለቃ ጋር ስለ ተለያዩበት፣ ሰውን ስላሳመኑበት፣ ስለ ወደቁበት ጊዜ የሚነገር ታሪክ እውነተኛና በዝርዝር የተሞላ ሊሆን ይገባል። ሸሪክ የሰውን ወሬ ከቅብ የመለየት ልምድ አለው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ድካም ችሎታን ይመዝናል ወይስ ዝግጅትን? የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪዋ ሎረን ሪቬራ በ2015 ባወጡት ፔዲግሪ በተባለው መጽሐፍ በአሜሪካ ታላላቅ የሕግ፣ የባንክና የአማካሪ ድርጅቶች ውስጥ የሚደረገውን ምርጫ መርምረዋል። ድርጅቶቹ አስቀድመው ከጥቂት የታወቁ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ላይ እንደሚጀምሩ፣ ጠያቂዎችም በአነጋገርና በትርፍ ጊዜ ልማድ እነርሱን ለሚመስል ሰው እንደሚያደሉ አሳዩ። ከዝርዝሩ ውጭ ባለ ኮሌጅ የሚማር፣ አብሮት የሚለማመድ ጓደኛ የሌለው ልጅ በጎበዝነቱ ብቻ ይህን በር ማለፍ ይከብደዋል።

በሌላ ወገን ግን ፈተናው ፈጽሞ ከንቱ ነው ለማለት አይቻልም። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር በ1998፣ ፖል ሳኬትና ባልደረቦቻቸው በ2022 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አጠቃልለው ሲመዝኑ፣ ለሁሉም ተፈታኝ በአንድ ዐይነት ጥያቄና መመዘኛ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ የኋላ ሥራን ውጤት በመተንበይ ከልቅ ጨዋታ እንደሚበልጥ አረጋግጠዋል። በ2022ቱ ስሌት የመጀመሪያው 0.42፣ ሁለተኛው 0.19 አግኝቷል። ይህ ቁጥር ለድርጅቶቹ የሚያጽናና ቢመስልም አንድ የማይመች ነገር ይዟል። በሥርዓት የተያዘው የመጀመሪያው ዙር ነው፤ የመጨረሻው፣ ዕጣውን የሚቆርጠው ዙር፣ በሸሪኩ ፈቃድና ስሜት የሚመራ በመሆኑ ወደ ልቁ ጨዋታ ያዘነብላል። የምርጫው ክብደት ሁሉ የወደቀው ደካማ በሆነው ምሰሶ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሸሪኮቹ በበኩላቸው ደንበኛን የሚያውቅ ሰው ሰውን ያውቃል ብለው ይመልሱ ይሆናል፤ ይህ ግን መልስ ሳይሆን እምነት ነው።

ከ2010ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማኪንዚ የወረቀት ፈተናውን በኮምፒዩተር ጨዋታ መተካት ጀመረ፤ በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ቃለ መጠይቁ ሁሉ ለጊዜው ወደ ምስል ስልክ ተዛወረ። የመጨረሻው ዙር ግን መልኩን ብዙ አልለወጠም። ቃለ መጠይቁ እንዳበቃ ሸሪኮቹ ተሰብስበው ስለ እያንዳንዱ ተፈታኝ አሳባቸውን ይሰጣሉ፤ አንዱ አጥብቆ ከደገፈ የሌላው ጥርጣሬ ሊረታ ይችላል፤ ሁሉም «ደኅና ነው» ብቻ ያሉለት ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል። ከዚያ ከጠያቂዎቹ አንዱ ስልክ ያነሣል። የተሳካለት ውሉን ይጠብቃል፤ ያልተሳካለትም ድክመቱ ይነገረውና ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ቆይቶ እንደ ገና ማመልከት ይችላል።